የመስኮቱ አሻራ

መርማሪው የራሱን አውራ ጣት ጥቁር ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ ተጫነ። በተገደለችው ልጅ መስኮት ላይ የተገኘውን አሻራ ባለቤት ሲያስስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኑ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ከስንቱ ወንጀለኛ ጋር ቢያመሳክረው አንዱም አልገጠመም። ጓንት ያጣብቀኛል እያለ የሚያወልቅበት ክፉ አመሉ ትዝ ያለው ገና ዛሬ ጠዋት ነው። አጉሊ መነጽሩን አስጠጋ። መስመሮቹ ከመስኮቱ አሻራ ጋር አንድ በአንድ ገጠሙ። “የራሴን ጥላ ሳባርር ከረምኩ!” ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው።

በሩ ተንኳኳና የልጅቷ አባት ገቡ። “ልጄ፣ የገዳዩ አሻራ በእጄ ነው ብለኸኝ አልነበር? ዛሬስ ባለቤቱን አገኘኸው?”

መርማሪው ወረቀቱን በክርኑ ሸፈነ። “ገና ነው” ሊላቸው ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቢል ማንም አያውቅበትም። ሽማግሌው ግን ዓይን ዓይኑን እያዩ ይጠብቃሉ። ክርኑን አነሳ።

“አገኘሁት፣ አባባ። የገዳዩ አይደለም፤ የእኔ ነው። መስኮቱን ያለ ጓንት ነክቼው ኖሯል። ሦስት ሳምንት ያለቀው በእኔ ጥፋት ነው።”

አባትየው ወረቀቱን አንስተው አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

“በል ፍለጋውን እንደገና ከሀ ጀምር” አሉት። “እኔም ከዚህ ንቅንቅ አልልም።”