ባቡሩን ተከትሎ የሚሮጠው ልጅ

ቀናው ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጀርባ ተወሽቆ ገመድ ይሰካል፣ ይነቅላል። እኔ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ስመላለስበት እንቁላሏ የመጣባት ዶሮ መስያለሁ። እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መነጽሯን በቀሚሷ ጠርዝ ትወለውላለች፤ ትወለውላለች።

"ቁጭ በይ እንጂ ማህሌት፣ አዞርሽኝ!"

ቁጭ እላለሁ፤ ወዲያው እነሳለሁ። ደጃችን ላይ ለቀላል ባቡሩ የሚቆፍሩት ሰዎች እሁድ እንኳ አላረፉም፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እግዜር ይቅር ይበለኝና መብራት እንዲጠፋ እየጸለይኩ ነው። ሌላ ጊዜ ሳይጠሩት የሚጠፋው የቃሊቲ መብራት ዛሬ ጨዋ ሆኗል።

ትልቁ ወንድማችን የሺዋስ ልጅ ሳለ ፈረንጆች አቃቂ ባቡር ጣቢያ መጥተው ፊልም ቀርጸው ነበር። የሰፈሩን ልጆች ባቡሩን ተከትላችሁ ሩጡ ሲሏቸው እሱም ሮጦ፣ ጉልበቱን ልጦ፣ ከረሜላ ይዞ ቤቱ ገባ። ጎረምሳ ሲሆን በአፈሳ ወሰዱትና በዚያው ቀረ። የነበረችንን አንዲት ጉርድ ፎቶ አባባ እሱን ፍለጋ ከጦር ካምፕ ጦር ካምፕ ሲዞር ጣላት። ስለዚህ የቀረን ፊልሙ ነው፤ በዲቪዲ አግኝተነዋል። በዲቪዲው ላይ ከሚሮጡት ልጆች ፊት፣ አቧራው ውስጥ፣ ቁምጣውን በአንድ እጁ ጨብጦ የሚሮጥ አንድ ልጅ አለ። ፊቱ ብዥ ያለ ነው፤ ዓይንና አፍ አይለይም። እማዬ ግን "ይኸው ልጄ" ትላለች፤ በየፋሲካው እሱን ሳታይ አትፈስክም።

የሺዋስ ሲወሰድ እኔ ጡት አልጣልኩም፣ ቀናው ገና ሆድ ውስጥ ነበር። ሁለታችንም ወንድማችን ብለን የያዝነው ያንን ብዥታ ነው። አባባ ካረፈ ወዲህ መልኩን የምታውቀው እማዬ ብቻ ናት።

አሁን ፊልሙ ታድሶ በብሉሬይ፣ ከዲቪዲ አጥርቶ በሚያሳይ ዲስክ፣ ወጣ ተባለ። ጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ቀናው ይህን ሲሰማ ሰው በሰው ልኮ ዲስኩን አስመጣ፤ ማጫወቻውንና ቴሌቪዥኑን ደግሞ ራሱ ጭኖ መጣ። ወደ እሱ ጎንበስ እላለሁ።

"ያው ፊልም አይደለም እንዴ?" እላለሁ በሹክሹክታ። "ከእጅ አይሻል ዶማ። ዲቪዲው ምን አደረገህ?"

"እሱ ጭጋግ እንጂ ፊልም ነው? ይሄኛውን ከዋናው የፊልም ጥቅል ነው የገለበጡት፤ የሰው ላብ ሳይቀር ይታያል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።"

"የሌላ ሰው ልጅ ቢሆንስ?"

እጁ ገመዱ ላይ ይቀራል። ያን ሁሉ በረሃ ሲነዳ ይህቺን አላሰባትም፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

"ፊቱን አንዴ በደንብ ባየሁት ያለችው እኮ ራሷ ናት" ይላል።

"ስትል ነዋ! እሱንም ካጣች ምን ይቀራታል?"

"ምንድን ነው እዚያ የምታንሾካሽኩት?" ትላለች እማዬ። "ክፈተው እንጂ አንተ።"

ይከፍተዋል። ተሸንፌ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እግሬ ግን አልተቀመጠም። እውነት ለመናገር ያምራል። የጣቢያው ግድግዳ ቢጫ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ግራጫ ይመስለን ነበር። ባቡር የሚጠብቁት ሴቶች ጉትቻ ያብለጨልጫል። እማዬ ጉልበቴን ትመታለች።

"ያቺ የአደሴ ሱቅ ናት! እዩዋት፣ ከነመጋረጃዋ!"

እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። ምናለ እዚህ ላይ በቆመ።

ባቡሩ ይጮኻል። ልጆቹ ከአጥሩ ኋላ ፈትለክ ብለው ይወጣሉ። ያ ቁምጣውን የጨበጠው ልጅ ይቀድማል፣ ይቀርባል፣ ወደ እኛ ዞር ይላል። ቀናው ምስሉን ያቆመዋል።

ፊት ነው። ሙሉ ፊት፣ ከነጆሮው፣ ከነላቡ። ፊት ለፊት አንድ ጥርሱ ወልቋል፤ እየሳቀ ነው። እኔና ቀናው ግን ቴሌቪዥኑን አይደለም የምናየው። እሷን ነው።

እማዬ ትነሳለች። ስክሪኑ ድረስ ሄዳ መነጽሯን ታወልቃለች፣ መልሳ ታደርጋለች። ልጁን ብዙ ታየዋለች። ከዚያ ከኋላው ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ በጣቷ ትነካለች።

"ይሄም አይደለም" ትላለች። "ይሄም። ይሄም።"

ጣቷ ወደ መጀመሪያው ልጅ ይመለሳል።

"የሺዋስ የለም።"

ቀናው ብድግ ብሎ መቀባጠር ይጀምራል፤ ሲታደስ መልክ ይለወጣል፣ ኮምፒውተር የማያደርገው የለም፣ ጓደኛውም ነግሮታል። ውሸታም። ቢሆንም እግዜር ይስጠው፣ እኔም አጅበዋለሁ።

"ዲቪዲው ይሻላል እማዬ፣ አሁኑኑ ልክፈትልሽ።"

"ተዪው" ትላለች ሳትዞር። "እንዳትነኩት።"

እንደ ፈራሁት ብታለቅስ ኖሮ እቅፍ አደርጋት ነበር። ግን አላለቀሰችም። ከስክሪኑ ሳትርቅ በቀሚሷ ጠርዝ በልጁ ፊት ላይ ያረፈውን አቧራ ትጠርግለታለች።

"የማን ነው?" ትላለች።

ቀናው የዲስኩን ማህደር አንስቶ የልጆቹን ስም ይፈልጋል።

"ይሄም የዚያን ጊዜ ልጅ ነው። እሱንም አፍሰውት ይሆናል።" ዞር ብላ ታየናለች፤ ዓይኗ ቸኩሏል። "እናቱ ይሄን አይታዋለች?"