የጓድ ጌጡ አስፕሪን

«አይስጡት አልኩ፣ አይስጡት!»

«አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታዢኝ?» አለ ጌጡ። «አንቺ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነሽ፤ እኔ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነኝ። አምጪው አስፕሪኑን!»

ባንቺዓለም ብልቃጡን ከጀርባዋ ደበቀች። ደምሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። የቀኝ ጉልበቱ ቅል አክሏል። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ፣ የሚጭነው መኪና ከንፋስ መውጫ ከተማ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው ነው ከበቅሎ ወደቅሁ ያለው።

ጌጡ አላመነውም። መልማዮቹ አንካሳ አይቀበሉም፤ የቀበሌው ኮታ ይጎድላል። ስለዚህ ለደምሌ ቁርጡን ነግሮታል፤ ከዳነ ጦር ግንባር፣ ካነከሰ በአሻጥረኛነት ወህኒ።

«ይስሙኝ ጓድ» አለች ባንቺዓለም። «የተጎዳ አካል ራሱ የሚያመነጨው ነገር አለ። እብጠቱንም፣ ትኩሳቱንም፣ ሕመሙንም የሚያመጣው እሱ ነው። አስፕሪን ያንን ነገር እንዳይመነጭ ያግዳል እንጂ ጉልበቱን አይጠግንም። ይህን ሰው ቁጭ ያደረገው ሕመሙ ነው። ሕመሙን ዝም ካሰኙት፣ በተጎዳ ጉልበቱ ይራመዳል።»

«መራመዱን አይደል የምፈልገው!»

«እኔ አልውጥም» አለ ደምሌ። «ጨጓራዬን ይልጠዋል።»

«እውነቱን ነው» አለች ቶሎ ብላ። «በባዶ ሆድ ጨጓራ ያቆስላል።»

ጌጡ ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። «ተመካክራችኋል! እንዳበጠ ልታቆዩት!»

ብልቃጡን ከእጇ ነጠቀ። ደምሌን ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ያለች፣ ቁልፍ የሌላት ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። በቀን ሦስት ጊዜ እየሄደ፣ ቁርሱንም ምሳውንም ራቱንም ራሱ አብልቶ፣ ሁለት ሁለት ክኒን ያስውጠዋል።

«ምላስህን አንሣ!»

«የበሬ ጥርስ የሚያይ ገበያተኛ መሰሉ እኮ፣ ጓድ» ይለዋል ደምሌ፣ አፉን እየከፈተ።

ጓዴ የሚባለውን የቀበሌ ጥበቃ ግን ጌጡ ያቆመው ባንቺዓለም በር ላይ ነው። «እሱ በዚያ ጉልበቱ የት ይደርሳል? እሷ ናት ሾልካ ገብታ የምታስተፋው። ከዓይንህ እንዳትጠፋ!»

በማግስቱ ባንቺዓለም ጓዴን አስከትላ ወደ ጌጡ መጣች። «አሁንም ቢሆን ያቁሙ። በኋላ ይጸጸታሉ።»

«አታስፈራሪኝ!»

በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። ጌጡ ጉልበቱን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ደምሌ አልጮኸም።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ምልምሎችን የሚጭነው ኦራል መኪና ገበያው ዳር ቆመ። ጌጡ ደረቱን ነፍቶ ከመኪናው የወረዱትን ወታደሮች ወደ ደምሌ ክፍል መራቸው። በሩን ገፋው። ማንም የለም። ደጁ ላይ ባለው ጭቃ የአንድ ሰው ዱካ፣ ግራም ቀኝም እኩል እየረገጠ፣ ወደ ስማዳ ቆላ ቁልቁል ወርዷል።

ጓዴ ባንቺዓለምን ተከትሎ ከተፍ አለ። «ይኸው ጓድ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንዴም ከዓይኔ አልጠፋችም!»

ጌጡ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ…» አለና በኪሱ ያለውን የአስፕሪን ብልቃጥ ዳበሰ።

ባንቺዓለም ባዶውን ክፍል አየች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና ወደ ጤና ጣቢያው መንገዷን ቀጠለች።