ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው

አባቷ ድሮ በአጥር በኩል ከጎረቤት ጋር ሲያወሩ የሰማችው፣ ግማሹ የጠፋት ወሬ ነበር። «ፋብሪካው ወንዙን አልበክልም ብሎ በገዛ ፈቃዱ ቃል ገብቷል እኮ!» ይላሉ አባቷ። «ታዲያ ባይፈጽም ማን ይጠይቀዋል?» ይላል ጎረቤቱ። የአባቷን መልስ ግን አታስታውሰውም።

ከዓመታት በኋላ የዚያው ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆና፣ አንድ ቀን ባዶ የናሙና ጠርሙስ ይዛ ቆማ ነበር። «የውሃውን ናሙና የሚወስዱት ተቆጣጣሪዎች ደርሰዋል፤ እንደ ወትሮው ከቢሮው ቧንቧ ቅጂ» አላት የላቦራቶሪው ኃላፊ ላቡን እየጠረገ። «ወደ ወንዙ ከምንለቀው ፍሳሽ ከቀዳሽማ ጉዳችን ፈላ!» በወንዙ የሚታጠቡት የእህቷ ልጆች ቆዳቸው መላላጥ ከጀመረ ወር አልፎት ነበር። በልቧ ፈጣሪዋን ጠራች።

«እሺ ጋሼ፤ ግን ጠርሙሱ ላይ ‹ከቢሮ ቧንቧ የተቀዳ› ብዬ እጽፋለሁ።»

«ልታዋርጂኝ ነው እንዴ?»

የእንግዶቹ ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ። ኃላፊው ጠርሙሱን አየ፣ እሷን አየ። «በይ እሺ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ከፍሳሹ ቅጂ። እኔም አብሬሽ ወደ ፍሳሹ መውጫ እወርዳለሁ።»