የሲስተር መኪና ለምን ዘይት ታፈሳለች?

መሪው ቁልቁለቱ ላይ እንቢ አለ...

ሲስተር በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። ድንጋይ ሆኗል።

ከኋላ አራት ሕፃናት ተቀምጠዋል። ሦስቱ የጎረቤት ልጆች ናቸው። አራተኛዋ የገዛ ልጇ ልጅ... የዓይኗ ብሌን።

"እማማ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?" አለች ትንሿ የልጅ ልጇ፣ መኪናዋ መታጠፉን ትታ ወደ መንገዱ ዳር ግንብ ስትሄድ አይታ።

ሲስተር ፍሬኑን ረግጣ በሙሉ ክብደቷ መሪው ላይ ተንጠለጠለች...

መኪናዋ እግረኛ መንገድ ላይ ወጣች፣ የቆሻሻ በርሜል ገለበጠች፣ ከግንቡ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ማንም አልተጎዳም። ከስር ግን ቀይ ዘይት ይንጠባጠባል።

ሲስተር ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ባሏ ሲሞት ይህቺን አሮጌ መኪና ተወላት። ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከሰዓት ትመልሳለች። የምትተዳደረውም፣ ቀኗ የሚሞላውም በዚሁ ነው።

ችግሩ መኪናዋ የመሪ ዘይት ማፍሰስ አመል ሆኖባታል። ዘይቱ ሲያልቅ መሪው ይደርቃል።

መካኒኩ ቱቦውን ቀየረ... ፈሰሰ።

ፓምፑን ፈትቶ ማሸጊያውን ቀየረ። ጥቂት ቀን ደህና ሆና ሰነበተች... ከዚያ መልሳ ፈሰሰች።

ልጇ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ነው። እሁድ እሁድ ሊጠይቃት ይመጣል። የመኪናዋ ነገር በተነሳ ቁጥር ንግግሩ አንድ ነው።

"እማዬ፣ እነዚህ መካኒኮች ሌቦች ናቸው። እንድትመላለሺላቸው ሆን ብለው ነው የሚያበላሹት። ይህቺን ቆርቆሮ ሽጪና አርፈሽ ተቀመጪ።"

"አርፌ ምን ልሁን?"

"እኔ አለሁልሽ አይደል እንዴ?"

ወርቅ የሆነ ልጅ ነው... አይደል?

ያን ቀን ከግንቡ የተረፈችው ሲስተር መኪናዋን አስጎትታ ጋራዥ ሄደች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል።

"ሲስተር፣ ቱቦው ደህና ነው። የላላው ማሰሪያው ነው። እኔ ግን በደንብ አጥብቄው ነበር።"

"ታዲያ በራሱ ተፈታ?"

"በራሱስ አይፈታም።"

"ለሆድህ ብለህ የሰው ልጅ ልትፈጅ ነው?"

በሰው ሁሉ ፊት ነው ያለችው። መካኒኩ ማሰሪያውን አጠበቀላት፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና ወደ ሌላ ሥራ ዞረ።

ለልጇ ግን ምንም አልነገረችውም። ትንሿንም "ለአባትሽም ለእናትሽም እንዳትነግሪ፣ ይደነግጡብኛል" ብላ ለመነቻት።

እሁድ ልጇ እንደ ልማዱ ትኩስ ዳቦ ይዞ መጣ። ጉንጯን ሳማት። "ስልክ አውርቼ ልምጣ" ብሎ ወደ ግቢ ወጣ።

ሲስተር ሻዩን አውርዳ ልትጠራው በመስኮት ብቅ ስትል...

የመኪናዋ ኮፈን ተከፍቷል።

ልጇ እጅጌውን ሰብስቧል። ሸሚዙ እንዳይቆሽሽበት የእሷን የፊት ፎጣ ከገመድ ላይ አንስቶ መኪናዋ ላይ አንጥፎታል። እዚያ ላይ ተደግፎ በካቻቢቴ የቱቦውን ማሰሪያ ይፈታል።

ረጋ ብሎ ነው የሚሠራው... እያንጎራጎረ።

ሲጨርስ ኮፈኑን ድምፅ ሳያሰማ ዘጋ። እጁን በፎጣዋ ጠረገ። ፎጣውን አጥፎ ገመዱ ላይ መለሰው።

ገባ፣ ተቀመጠ። ጥፍሩ ስር ቀይ ዘይት እንዳለ፣ በዚያው እጁ ዳቦ ቆርሶ ጎረሰ።

"እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?"

"አየሁህ" አለችው።

ማኘኩን አቆመ። "ምን ሳደርግ?"

"መሪዬን ስትፈታ።"

ዋጥ አደረገ። "ለአንቺ ብዬ እኮ ነው... በዚህ ዕድሜሽ..."

"ለእኔ ብለህ?"

"ሲሰለችሽ ትሸጫታለሽ ብዬ ነዋ። ብነግርሽ አልሰማ አልሽ። የአለቃዬ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። 'በር ላይ ልጆች የምታራግፈው ሹፌር እናትህ ናት እንዴ?' አለኝ፣ ስብሰባ መሃል። የት ልግባ?"

ይኸው ነው ነገሩ... እናቱን አፍሮባት ነው።

"ባለፈው ቁልቁለት ላይ ደርቆብኝ ከግንብ ልላተም ነበር" አለችው ቀስ ብላ። "ልጅህ ከኋላ ነበረች።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ሲስተር አሁን እግሬ ላይ ይወድቃል፣ አሁን ያለቅሳል ብላ ጠበቀች።

ከአፉ የወጣው ግን ይሄ ነው...

"ሚስቴ ሰምታለች?"

ሲስተር ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ደምና ትውከት ስትጠርግ ኖራ አንድም ቀን አቅለሽልሿት አያውቅም። ያን ቀን ወደ ማጠቢያው ሮጣ አስመለሳት። የወለደችውን አይታ አስመለሳት።

አፏን ተጉመጥምጣ መጣች።

"የግቢዬን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ሂድ።"

"እማዬ..."

"ዳቦህንም ይዘህ ሂድ።"

በነጋታው ጋራዥ ሄዳ፣ ያዋረደችውን መካኒክ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀችው።

"ማን ሆኖ ተገኘ ታዲያ?" አላት።

"ከሆዴ የወጣ" አለችው። እሱም ሁለተኛ አልጠየቃት።

መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላፈሰሰችም። ሲስተር አሁንም ልጆች ታመላልሳለች።

ልጇ ይደውልላታል። "ለሚስቴ እንዳትነግሪብኝ" እያለ ይለምናታል። 'ይቅርታ' የምትል ቃል ግን እስካሁን አልወጣችውም።

ወዳጆቼ፣ ይሄን ስጽፍ ራሱ ያንገሸግሸኛል። "የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ" የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። አሮጌ መኪና አያሳፍርም፣ የሰው ልጅ ማመላለስም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በእናት ድካም ሰው ሆኖ እናትን ከሰው መደበቅ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ የሚገኝ ክብር ደግሞ ይቅር፣ ይሸታል።

ምራቷ እስከ ዛሬ ምንም አታውቅም...

እናንተ በሲስተር ቦታ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር? ወይስ ትዳር እንዳይፈርስ ብላችሁ ውጣችሁት ትኖሩ ነበር? ከነምክንያታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ እኔ እስካሁን መልሱ አልመጣልኝም።