የሰይቼንቶዋ ክላክስ

ሟች አባቱ ይነዳት የነበረችውን ሰይቼንቶ ፊያት ሰው ግቢ ውስጥ ዝገት በልቷት ሲያገኛት እንባው መጣ። ዕድሜ ልኩን ሲመኛት ኖሯል። ከአባቱ ዘመን የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አመሻሽ ላይ ክላክሷ ከግቢው በር ውጭ ሁለቴ ሲጮኽ፣ ታላቅ እህቱ አመለወርቅ እጁን ይዛው ትሮጣለች፤ አልጋ ስር ገብተው ኩኩሉ ይጫወታሉ። ከዚያ የበለጠ ደስታ አያውቅም።

ዝገቷ ተፍቆ፣ ሞተሯ ወርዶ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብታ ነፍስ ስትዘራ መካኒኩ፣ «ክላክሷን በአዲስ ልቀይርልህ?» አለው።

«የለም፣ ድምፁስ የራሷው ይሁን።»

እሁድ ከሰዓት ለእህቱ ሳይነግራት እየነዳ ሄደ። አመለወርቅ በአባታቸው ቤት ብቻዋን የቀረች፣ ግራ ጆሮዋ የማይሰማ ሴት ናት፤ በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ ነው ይባላል። በሩ ላይ ደርሶ ሁለቴ ክላክስ አደረገ። የሚከፍትለት ጠፋ።

መቀርቀሪያውን በቀዳዳው ከፍቶ ገባ። ምድጃው ላይ ወጥ ይንተከተካል፤ እሷ የለችም። ክላክሱን ማወቋ ገባውና ሳቀ።

«እታለም፣ ኩኩሉ» አለ፣ እንደ ልጅነቱ ድምፁን አቅጥኖ።

መኝታ ቤት ገብቶ ጎንበስ ሲል፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት እህቱ አልጋ ስር ግድግዳው ጥግ ተኮራምታ፣ ግራ ጆሮዋን በሁለት እጇ ሸፍናለች። አንዱን እጇን ሰድዳ ክንዱን ያዘችና ወደ ውስጥ ሳበችው።

«አልነጋም» አለችው በሹክሹክታ። «ዝም በል፣ ገና አልነጋም።»