ዐሥራ አራትና ሠላሳ አንድ

ኃላፊው የበደላት በሰው ፊት ነው። ስምንት ዓመት በር ለበር የዞረችውን መረጃ ሰብሳቢ “ቁጭ ብላ ፈጥራ ጻፈች” ሲል ባልደረቦቿን ሰብስቦ ከሰሳት።

ሰውየውን መሥሪያ ቤቱ “ወንፊት” ይለዋል። የቤተሰብ ወጪ ጥናቱን እንደ አዲስ የቀየረው እሱ ነው። ድሮ አባወራው “በዓመት ስንት አወጣችሁ?” ይባል ነበር፤ እሱም ከጣሪያው ላይ እያነበበ ይመልሳል። አሁን ሚስት ለሁለት ሳምንት ቤት የገባውን ሁሉ፣ ማንም ይግዛው ማን፣ በየቀኑ ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ለባል አይነገርም፤ ካወቀ ቁጥሩን ያሳምራል። ደብተሩ ቢሮ ሲደርስ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ሁለት ደብተር ከተመሳሰለ ኮምፒውተሩ በቀይ ያሰምርበታል።

አሰመረ።

“ዐሥራ አራትና ሠላሳ አንድ” አለ ወንፊት፣ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ፌስታል በእግሩ ገፋ አድርጎ ወንበሩን እያስጠጋ። “አንዱ ቤት ከተማው ዳር፣ አንዱ ገበያው ጀርባ። በሁለቱም ዓርብ ዓርብ ሁለት ኪሎ ብርቱካን። በሁለቱም ማክሰኞ ሰማያዊ ጃንጥላ። የልጅ ጫማ፣ ያውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁጥር! ልጆቹም መንታ ናቸው በይኛ!”

ሰው ሳቀ።

“አልገለበጥኩም ጌታዬ። የእጅ ጽሑፉም ይለያያል።”

“ለዚህ ለዚህማ ሁለት እጅ አለሽ!”

አንዷ ባልደረባዋ፣ ሰብሳቢዋ ከቤት ሠላሳ አንድ ደብተሩን ተቀብላ የመጣች ቀን ምሳዋን ሳትበላ መዋሏን አስታወሰች። ሌላዋ “ያኔ ነዋ የጻፈችው” አለች።

የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ብቻ አዘኑላት። “ምን ያጨቃጭቃል? ሴቶቹ ይጠሩና ይመስክሩላት።”

“አይሆንም!” ብላ ብድግ አለች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። “እባካችሁ፣ እነሱን ተዉአቸው።”

ሽማግሌውም አንገታቸውን ደፉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የሥራ ሰዓት አብቅቶ ሌሎቹ ወጡ። ወንፊት ደብዳቤውን አቀረበላት፤ “የሐሰት መረጃ” የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ገብቷል። ያንን ይዛ የትም አትቀጠርም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿና እናቷ የሚያዩት የእሷን እጅ ነው።

“ደብተሮቹን ይጣሏቸው ጌታዬ። ደመወዜንም ይቁረጡ። ደብዳቤው ግን ይቅርብኝ፣ በልጆችዎ።”

“ልጆቼን ምን አመጣቸው?” ሰዓቱን አየ፤ ቸኩሏል። “ወይ ገለበጥኩ ብለሽ ፈርሚ፣ ወይ ሰኞ ሁለቱን ሴቶች እዚች አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ።”

እስክሪብቶውን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው፤

“ጌታዬ፣ ዛሬ ዓርብ አይደል? ከእግርዎ ሥር ካለው ብርቱካን የትኛው ፌስታል ለዐሥራ አራት፣ የትኛው ለሠላሳ አንድ እንደሆነ ይንገሩኝና እፈርማለሁ።”