የቄሱ ጓሮ ድንጋይ

ጡረተኛው ከአባቱ ጓሮ ያመጣውን ጥቁር ድንጋይ ቡፌው ላይ አስቀምጦታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማግኔት ያስጠጋና፣ «አያችሁ፣ ልጥፍ! ከማርስ ማዶ የመጣ ነው። የሰማይ ነገር እንደ አባቴ ያለ ቄስ ጓሮ ካልወደቀ የት ይወድቃል?» ይላል። ጉራው ራሱንም ያስቀዋል፤ ግን አይተወውም።

ትናንት ሚስቱ ደስ ይበለው ብላ፣ የጂኦሎጂ መምህር የሆነውን የእህቷን ልጅ ጠራችለት። መምህሩ ድንጋዩን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ብረት ሲቀልጥ የሚቀር ዝቃጭ ነው። ጓሮው የቀጥቃጭ ነበር እንዴ?»

«የጎረቤት ይሆናላ!» አለ ጡረተኛው፣ ከት ብሎ እየሳቀ።

ሚስቱ አልሳቀችም። ዓይኗ ያረፈው ክንዱ ላይ ነበር፤ «ዲያቆን ሳለሁ የጥና ፍም አቃጠለኝ» ሲላት የኖረው ጠባሳ ላይ።